ያልተቆረጠው ሸማ

አቶ አንጁሎ ቀናቸውን የሚጀምሩት በልጃቸው እጅ ነው። ብርቄ ኪኒኑን በመዳፏ፣ ውኃውን በጣሳ ይዛ ትመጣና እስኪውጡት ድረስ ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ እሳቸው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው ይሸምናሉ፤ መወርወሪያው ከድሩ መሀል ሹልክ ይላል፣ እንጨቱ ማጉን ጧ አድርጎ ይመታል። ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ከየሸማኔው ቤት የሚሰማው ይኸው ነው፤ ማንም ጆሮ አይሰጠውም።

የኋላው ክፍል ብቻ ዝግ ነው። ታላቅ ወንድማቸው ዳና እዚያ ሲሸምን፣ መወርወሪያውን እንደጨበጠ ሸማው ላይ ተደፍቶ ቀረ። አባታቸውም የሄዱት እንዲሁ ነበር። "መጋኛ መታቸው" ተባለ፣ ተለቀሰ፣ አለቀ። በቤተሰባቸው ወግ የሟችን ጅምር ሸማ ወንድሙ ጨርሶ ይቆርጥለታል፤ አለዚያ ባለቤቱ ራሱ ሊጨርሰው ይመለሳል ይባላል። አቶ አንጁሎ ግን ሆዳቸው አልቻለም። በሩን ቆልፈው ተዉት።

ዘንድሮ ሐኪም ቤት አንዲት ሐኪም ነገሩን ገልጣ ነገረቻቸው። መጋኛ አይደለም፤ የልባቸው ግድግዳ ወፍሯል፣ በዘር የሚወርድ ነው።

"መድኃኒቱ ያስታግስልዎታል፤ ሥጋውን ግን አያሳሳውም። ኦፕራሲዮኑ ያሳሳዋል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ አደጋ አለው። ይምከሩበት። ለመሆኑ አባባ፣ ልጅ አለዎት? ካለ መመርመር አለበት።"

ብርቄ ካርድ ልታወጣ ወርዳ ነበር።

"የለኝም" አሉ።

ምን ያድርጉ! ለብርቄ ሽማግሌ መጥቶ እሺ የተባለው ገና በሰኔ ነው፤ የእጮኛዋ ወገኖች ደግሞ ዘር ሲቆጥሩ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። የልብ በሽታ ካለበት ቤት ማን ልጅ ይወስዳል? ብርቄ ለሠርጓ የሚሆን ጥለት እንኳ መርጣ ጨርሳለች፣ አረንጓዴ ከወይን ጠጅ ጋር። የጥር ሠርጓ ይለፍና ይነገራታል። እስከዚያ ምን ትሆናለች፣ ገና ልጅ አይደለች እንዴ?

ፍልሰታ ገባ። አመሻሹ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መብራት ጠፍቶ ቤቱ እርጥብ ጥጥና ሻጋታ ሲሸት፣ ከተዘጋው በር ጀርባ ጧ አለ። ጎረቤት ነው አሉ ለራሳቸው። የጎረቤት ምት ግን ልክ አለው፤ ይኼኛው ይዘልላል፣ ሁለቴ ተከታትሎ ይመታና ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። ሐኪም ቤት ያለው ማሽን ያሰማቸው የታመመ ልብ ድምፅ ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አልገጠመም፤ ያኛው ይቀድማቸዋል። በዚህ መሀል ብርቄ ዳገቱን ወጥታ ደርሳ መቃኑን ይዛ ቆመች፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ።

"ምነው የኔ ልጅ?"

"ፆሙ ነው አባዬ፣ ደከመኝ" ብላ ሳቀች። "እኔን ተወኝና ኦፕራሲዮኑን እሺ በላቸው። ሠርጌ ላይ ማን ሊመርቀኝ ነው?"

በማግስቱ ቁልፉን ፈልገው የኋላውን ክፍል ከፈቱ። የቆየ የላብ ሽታ ፊታቸውን መታቸው፤ የዳና ላብ ነው፣ ያውቁታል። አቧራ ያላረፈበት ነገር ቢኖር ሸማው ብቻ ነበር። አድጓል። በክንዳቸው ለኩት፤ ለሰው መገነዣ ጥቂት ነው የቀረው። የጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው አፈር፣ አንድ ሰው አሁን እግሩን ያወጣ ይመስል፣ እርጥብ ነበር። ለእኔ ነው አሉ፤ ወንድሜ ለእኔ እየሸመነልኝ ነው። ከፍርሃቱ ይልቅ ናፍቆቱ ባሰባቸውና አለቀሱ። መቀስ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። ያላለቀ ሸማ ቆርጠው አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ ምቱ ከቤቱ አልጠፋም። ብርቄ ቁጭ ስትል ይረጋል፣ ዳገቱን ስትወጣ ይሮጣል። አቶ አንጁሎ ይህን አላስተዋሉም፤ ሞት የፈራ ሰው የሚያዳምጠው የራሱን ደረት ነው። ሲብስባቸው ወሰኑ፤ ደረቴን ይክፈቱት፣ ብሞትም እዚያው ልሙት አሉ። ብርቄ እልል ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ልቧ ትከሻቸው ላይ ሲደልቅ ተሰማቸው፤ በደስታ ነው ብለው ግንባሯን ሳሟት።

ሐኪም ቤት በሚተኙበት ቀን ማለዳ ቤቱ ጭር ብሏል። ምቱ የለም። "ተመስገን፣ ማረኝ!" አሉና ወንድማቸውን ሊሰናበቱ ወደ ኋላው ክፍል ገቡ። ሸማው አልቋል፤ ተቆርጦ፣ ተጣጥፎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። የወንድ መገነዣ ጥለት የለውም። ይኼኛው ግን ጫፉ ላይ አረንጓዴ ከወይን ጠጅ ጋር ነበረው።

"ብርቄ!" ብለው ተጣሩ። "ብርቄ፣ የኔ እናት፣ ኪኒኔስ?"

ብርቄ ከተኛችበት አልተነሳችም፣ ጣሳውም አልመጣም፤ በቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእሳቸው ልብ ብቻ ነበር፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ አንዴም እንኳ ሳይዛነፍ።