አንድ ዙር ኮምፓውንድ

«ደርቋል፤ አሁን እይው» አለች ሰምሰም።

ኒምኮ ማየት አልፈለገችም። ግን የግድ ነውና ዓይኗን ገለጠች። የአዴር ዓዋሌ ፔጆ ኮፈን ላይ፣ ጠዋት ሪባን የለጠፉበት ቦታ፣ የሁለት መዳፍ ስፋት ያህል ነጭ ጭረት በጭረት ሆኗል። የሪባኑ ፕላስተር ሙጫ ለቋል፤ እሱስ ጥርት ብሎ ለቋል። በእጇ የቀረውን የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ባልዲው ውስጥ ጣለችና ጎማው አጠገብ ተቀመጠች።

ነገሩ የመጣው በሰርግ ነው። የጓደኛዋ የሰምሰም ታላቅ እህት ኡባህ ነገ ታገባለች። ድሬዳዋ ውስጥ ስንት አዲስ ነጭ መኪና እያለ፣ ኡባህ ከጎረቤታቸው ከአዴር ዓዋሌ ሰማያዊ ፔጆ 404 ሌላ አልገባም ብላ ቁጭ አለች። ሰፈሩ ሁሉ አዴር፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ዓዋሌ በዚያ ፔጆ ከከዚራ ሰፈር መጋላ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ታክሲ ሠርተውበታል። አሁን ጡረታ ወጥተው መኪናውን ከልጅ አስበልጠው ይዘውታል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ጀርባውን ቢያስደግፍበት «ዋሪያ!» ብለው ሲጮሁ ባለሱቁ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጥቶ ነበር። ልጁ እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ አያልፍም ይባላል። ለኡባህ ግን እሺ አሉ፤ እንዴት እሺ እንዳሉ እንጃ።

መኪናውን ትናንት ያመጡት ለኒምኮ አባት ለዐብዲገኒ ነው። ዐብዲገኒ በሰፈሩ የታወቀ የመኪና ፖሊሽ ሠራተኛ ነው። አሮጌ ቀለም ከእሱ ሌላ ማንም እንዲነካው የማይፈቅዱ ሰዎች አሉ። ዛሬ ጠዋት ለለቅሶ ጀልዴሳ ሲሄድ፣ አሥር ሰዓት እመለሳለሁ፣ መኪናውን እንዳትነኩት ብሎ ነበር። እነሱ ደግሞ ሪባኑ እንዴት እንደሚያምር ለማየት ብቻ ብለው ኮፈኑ ላይ በፕላስተር ለጠፉት። የድሬን ፀሐይ የማያውቁ ይመስል! ፕላስተሩን ሲያነሱት ሙጫው ቀልጦ ቀረ። አባቷ ሙጫ የሚያስለቅቀው ጨርቅ ላይ ጠብ ባደረጋት ነጭ ጋዝ መሆኑን ኒምኮ ታውቃለች፤ ጋዙ ግን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሰምሰም ከቤት ሽቦ ይዛ መጣች። ኒምኮ ጫፉን ብቻ ብላ ጀመረች፤ ከዚያ እጇ አልቆም አለ። የፖሊሽ ሠራተኛ ልጅ ሆና ቀለም በሽቦ!

«በቃ አለቅን» አለች ሰምሰም። «ኡባህ ትገድለኛለች።»

የኒምኮ ፍርሃት ኡባህ አይደለችም። ይህን ሰማያዊ የቀመመው ቀለም ቀቢ ከሞተ ቆይቷል፤ አባቷ ልኩን የሚያገኝ ሰው እንደሌለ ደጋግሞ ነግሯታል። ቀለሙ አልቆ ከሥር ያለው ግራጫ ከወጣ ኮፈኑ እንዳለ እንደገና መቀባት አለበት፤ በአንድ ቀን ደግሞ አይደርስም። ሙሽራዋ ያለ መኪና፣ አዴር ዓዋሌ ያለ ቀለማቸው ይቀራሉ። የአባቷ ስምም እዚሁ በር ላይ ያልቃል። አባቷ ሲቆጣ አይጮህም፤ ዝም ነው የሚለው። ለእሷ ያ ዝምታ ከአዴር ዓዋሌ ጩኸት ይብሳል።

ተነስታ የአባቷ መሥሪያ ሱቅ ገባች። መደርደሪያው ላይ ሁለቱ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ኮምፓውንድና ፖሊሽ። አባቷ ስለ እነሱ የነገራትን በቃሏ ታውቀዋለች። ኮምፓውንድ ቀለም ይበላል። ጭረት የሚያጠፋው ዙሪያውን ያለውን ቀለም እስከ ጭረቱ ጥልቀት እየሞረደ ነው። ፖሊሽ ግን ላዩን ብቻ ነካ አድርጎ ያበራል፤ ጥልቅ ጭረት አያጠፋም። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ፖሊሽ፤ አልበቃ ካለ ኮምፓውንድ፤ አሮጌ ቀለም ላይ ደግሞ አንዴ ብቻ። አባቷ የትኛው መኪና ስንት ጊዜ እንደተበላ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞታል።

ፖሊሹን አወጣችና በእጇ ማሸት ጀመረች። ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ጠፉ። ጥልቆቹ ግን ከቅድሙ ይልቅ ደምቀው ታዩ።

«ያኛውን አምጪው አቦ» አለች ሰምሰም። «አባትሽ ሊመጣ ነው እኮ!»

ኒምኮ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ኮምፓውንዱን አመጣች። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በጨርቅ አሸችው። ወላሂ ሠራ! በግራ በኩል ያለው ጭረት ዓይኗ እያየ ጠፋ። ሰምሰም በደስታ ጀርባዋን መታቻት፤ ኒምኮም ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሳበች።

ከዚያ ጨርቁን ገለበጠችው። ጥልቅ ሰማያዊ ሆኗል፤ የአዴር ዓዋሌ ቀለም እጇ ላይ ነው። ጎንበስ ብላ በጥላው በኩል ኮፈኑን አየችው። መሐል ላይ ላሜራው በሚታጠፍበት መስመር፣ ቀለሙ ድሮም ስስ በሆነበት ቦታ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ግራጫ ጥላ አለች። አልወጣችም ገና። ግን አለች።

«ምን ሆንሽ? ጨርሺው እንጂ።»

«ሌላ ዙር አይችልም» አለች ኒምኮ።

በቀኝ በኩል የቀሩትን ጭረቶች ትታ ኮምፓውንዱን ከደነች፤ እንደነበረውም አድርጋ ቦታው መለሰችው። ጨርቁን ምን እንደምታደርገው ጠፋት፤ አጣጥፋ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሰምሰም ይሄን ጊዜ መላ አግኝታለች። የሰፈሩ ፍየሎች ጥላ ፍለጋ መኪና ላይ የሚወጡ ናቸው፤ አንዷ ወጥታበት ነው እንላለን አለች። ኒምኮ ኪሷ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ጨበጠች።

አባቷ የተሳፈረባት ባጃጅ በሩ ላይ ስትቆም ገና አሥር ሰዓት አልሞላም። አባቷ ወረደ። ከኋላው አዴር ዓዋሌ ወረዱ፤ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ኖሯል። ሰምሰም ዓይኗን በጨው አጥባ ወሬውን ጀመረች። ፍየሏ እንዴት እንደወጣች፣ ኒምኮ እንዴት እንዳባረረቻት፣ ጭረቱንም ኒምኮ በፖሊሽ ብቻ ትንሽ እንዳሻሸችው ነገረቻቸው። አዴር ዓዋሌ ኮፈኑን አይተው ፊታቸው ጠቆረ። የጎረቤታችን የሹክሪ ፍየል ናት፣ ያቺ ሴትዮ ፍየሏን አስሪ ሲሏት አልሰማ ብላ ነው፣ ዛሬውኑ ቤቷ ድረስ እሄዳለሁ አሉ። ልጆቹን ግን አልተቆጡም። እንዲያውም ለኒምኮ፣ አባረርሻት፣ ጎሽ አሏት።

ያኔ ነው በእውነት የፈራችው። ድናለች እኮ፤ አሁን አፏን መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

አባቷ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው። «ፖሊሽ ብቻ ነው የነካው?» አለ። ሰምሰም አዎ አለች። እንግዲያው ቀላል ነው፣ እዚህ ኮፈን ላይ ኮምፓውንድ አድርጌ አላውቅም፣ አንድ ዙር ይችላል ብሎ ለአዴር ዓዋሌ አስረዳ። ከዚያ የፖሊሽ ማሽኑን ሰካ። ኮምፓውንዱን ስፖንጁ ላይ አፈሰሰና ማስነሻውን ተጫነ።

ማሽኑ ጮኸ። አባቷ ሊጀምር የጎነበሰው የምስር ፍሬዋ ባለችበት መስመር ላይ ነው። ኒምኮ «አባ» አለች፤ አልሰማትም። ደግማ «አባ!» አለች። ሰምሰም ክንዷን ቆነጠጠቻት። ስፖንጁ ኮፈኑን ሊነካ ጣት ሲቀረው፣ ኒምኮ ወደ ግድግዳው ሮጣ ሶኬቱን ነቀለችው።

ማሽኑ እያጓራ ዝም አለ። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እጇን ኪሷ ከተተች፤ ጨርቁ አልወጣ ብሎ አስቸገራት። አውጥታ ሰማያዊውን ወደ ላይ አድርጋ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ፍየል አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አለች። «በሽቦ ፍቄው ነው። ከዚያ ኮምፓውንድ አደረግኩበት። አንዱን ዙር እኔ ጨርሼዋለሁ፣ አባ።»

አባቷ ጨርቁን አየ። ጎንበስ ብሎ በጥላው በኩል መስመሩን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ማሽኑን መሬት አስቀመጠ።

«ጭረቱስ?» አሉ አዴር ዓዋሌ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«የቀረው ይቀራል» አለ አባቷ። «ቀለምዎ ግን አለ፤ ለነገ ይደርሳል።» ከዚያ ወደ ኒምኮ ሳይዞር እጁን ዘረጋ። «ፖሊሹን አምጪ።»

ፖሊሹ ሱቅ ውስጥ ነው፤ አዴር ዓዋሌ ደግሞ የሱቁ በር ላይ ቆመዋል። በጓሮ ዞሮ መግባት ይቻላል፤ ሰምሰምም በዓይኗ ወደ ጓሮው ጠቆመቻት። ኒምኮ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ጨርቁን የነካው ጣቷ ገና ሰማያዊ ነው። ፊት ለፊት ሄደችና አዴር ዓዋሌ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፤ የሚሉት ካለ እንዲሏት።

ሽማግሌው ሰማያዊ ጣቷን አዩ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አሉላት።