ቦርዱ ከተቀየረ በኋላ የመጣው ተማሪ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ኮሶዬ፣ የተዳርኩት ለቤተ ክህነት ሰው፣ የዛር ነው የመተት ነው የሚባለውን ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰምቼዋለሁ፣ አንዱንም አምኜ አላውቅም፣ ጎረቤቴ «ጓሮ ውስጥ ጥላ አየሁ» ብላ ስትመጣ «ራት ሳትበይ ወጥተሽ ይሆናል» ብዬ የምመልስ ሴት ነኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፣ አጻጻፌን ይቅር በሉኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝም ፍርሃቱ አይደለም፣ ሀፍረቱ ነው።

ባሌ መሪጌታ ነበር፣ እኔም ስሙን ትቼ መሪጌታ ነው የምለው፣ ድጓ ያስተምር ነበር። አንድ ጠባይ ነበረው፣ ተማሪው አንዷን ዜማ ሳያቀናት ወደሚቀጥለው አያልፍም። እሱ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ከሳተ «አይደለም፣ ደግመህ በላት» ይለዋል፣ አይቆጣም፣ በአፍንጫው ትንሽ ይስቅና ያችኑ መልሶ ይልለታል፣ ምሳው ቢቀዘቅዝ፣ እንግዳ ደጅ ቢቆም ንቅንቅ የለም። «ምነው፣ ነገ ቢያቀናትስ?» ስለው «ጠማማ ሆና ታድራለቻ!» ይለኛል።

ኋላ ደረቱን ታመመና ሐኪሙ ሰው አይጠጋው ብሎ ከለከለ፣ ተማሪዎቹም ቀሩ። ልጄ ትርሲት እኔ ባደግሁበት በኮሶዬ አስተማሪ ናት፣ ላፕቶፗን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለትና «አባዬ፣ ተማሪ እንዳለ አድርገህ በለው፣ እሱ ይቀዳዋል» አለችው። እንደዚያው አደረገ። አንዷን ይላል፣ ተማሪ የሚቀበልበትን ያህል ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ሌላዋን ይላል። ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም፣ በሩ ሥር የተቀመጥኩት እኔ ነኝና በዚህ አትጠራጠሩ።

ከዚያ አረፈ። ትርሲት ላፕቶፑን እኔው ዘንድ ተወችልኝ፣ ከፍቼ የቱን እንደምጫን አሳየችኝ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ በፍላሽ ገልብጣ ለአብነት ትምህርት ቤቱ ልትሰጥ ቃል ገባች። የመሪጌታ ድምፅ ያለው እዚያ ብቻ ነበር። እኔ ግዕዙን አላውቀውም፣ «ሃሌ ሉያ» ከምትለው በቀር ፍቺውም አይገባኝም፣ ዝምታዎቹን ግን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ አንደኛዋ ውስጥ ዶሮ ይጮሃል፣ ሌላዋ ውስጥ የእኔው የድስት ክዳን ይወድቃል።

ታዲያ ወር በገባ ቁጥር ቤቱን ጠበል የመርጨት ልማድ አለኝ፣ ባለፈው ክረምት ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ በሩን ረጭቼ ላፕቶፑ ጋ ደረስኩ፣ የመሪጌታ ድምፅ ያለበትን ዕቃ ምነው ነጥዬ እተወዋለሁ ብዬ ለእሱም ደህና አድርጌ ረጨሁለት። በዚያው ዝም አለ።

በቦርሳ ይዤው ከምንኖርበት ከፀዳ ወደ ከተማው ፒያሳ ሄድኩ። ሙሉቀን የሚባል ጠጋኝ ሱቁ ውስጥ ፈታታውና ቀና ብሎ አየኝ።

«ማዘር፣ ውሃ ገብቶበታል።»

«ውሃ አይደለም የኔ ልጅ፣ ጠበል ነው» አልኩት።

«ቦርዱ ላይ ሲደርስ አንድ ነው ማዘር።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። የሞተው ማዘርቦርዱ ነው አለኝ፣ ከሌላ ማሽን የተነቀለ ደህና ስላለው እሱን እንደሚያስገባለት ነገረኝ። ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ «እናቱ ሞታበት የእንጀራ እናት ልታመጣለት ነዋ!» ብሎ ዳግመኛ አሳቃቸው።

«ድምፁስ?» አልኩ እኔ፣ ሌላው ምን ገዶኝ።

«ድምፁ ዲስኩ ላይ ነው፣ እሱን አንነካውም። ቦርዱ ሁሉን የሚያገናኝ ነው እንጂ የራሱ ወሬ የለውም።»

እውነትም ሠራ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፣ ከቀትር በኋላ ዝናብ ጀመረ፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ላፕቶፑን ከፈትኩና መሪጌታን ማዳመጥ ያዝኩ። የመጀመሪያዋን አለ። ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳል ሰማሁ፣ ዜማ ሊጀምር ያለ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ዓይነት። የዕቃው ማራገቢያ ነው አልኩ፣ አዲስ ነገር ገብቶለት የለ። ሁለተኛይቱን አለ፣ ዝም አለ፣ አሁን አንድ ሰው ያችኑ ዜማ በለሆሳስ ተቀበላት።

ደጅ ያለ ሰው መስሎኝ ወጥቼ አየሁ፣ ጎርፍ ብቻ። የመሪጌታን ተማሪዎች እኮ አንድ በአንድ በድምፃቸው ነው የማውቃቸው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ደጄ ሲቆሙ በሩን ሳልከፍት እገሌ ነው የምል ነበርኩ። ይህኛው ከእነሱ አንዱም አይደለም። የጎልማሳ ድምፅ ነው፣ የደከመው፣ የፈራ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዶሮው የሚጮህባት ዝምታ መጣች፣ ዶሮው ጮኸ፣ ከዶሮው በላይ ሰውየው ተቀበለ፣ መጨረሻዋ ላይ ግን ድምፁ ወደቀበት። ያን ጊዜ መሪጌታ፣

«አይደለም። ከላይ አንሳት» አለ።

እመኑኝ፣ ይህ ቃል ከተቀዳው ውስጥ የለም። ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር በየቀኑ ሰምቼዋለሁ፣ የለም። ደግሞ ድምፁ የበሽተኛ ድምፅ አይደለም፣ የድሮው ነው፣ ደረቱ ሳይታመም የነበረው። ሰውየው «እሺ የኔታ» አለና ሞከረ፣ ሳታት። መሪጌታ በአፍንጫው ሳቀ፣ ያችኑ ሳቅ!

«ደግመህ በላት።»

ክዳኑን ድርግም አድርጌ ዘጋሁትና እየጮህኩ ወጣሁ፣ ነጠላ የለኝ፣ ጫማ የለኝ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ እጮሃለሁ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ወርቄ ጋቢ ደረበችልኝና «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን ልበል? ባሌን ፈራሁት ይባላል? ዓመት ሙሉ በህልሜ እንኳ ና እያልኩ ያለቀስኩበትን ሰው? «እባብ!» አልኩ። ይኸው፣ ወንዶቹ ዱላ እያነሱ ገቡ፣ አልጋው ተገለበጠ፣ የእህል ጆንያው ተጎተተ፣ አያ ደሴ በዚያ ሽምግልናቸው ተንበርክከው ቁምሳጥኑ ሥር በከዘራቸው ይጎረጉራሉ። በመጨረሻ ላፕቶፑን አንስተው ሥሩን ዳሰሱት።

«ትኩስ ነው» አሉ። «እዚህች ሥር ሞቆት ተኝቶ ኖሯል። ሄዷል፣ አይዞሽ።»

ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሲመርቁኝ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በማግስቱ ሱቁ ሲከፈት ደረስኩ።

«ምነው ማዘር፣ አልሠራም?» አለ ሙሉቀን።

«ሠርቷል።»

«ታዲያ?»

«አውጣልኝ። ሌላ አድርግልኝ።»

«የሠራን ዕቃ? ምን አጠፋ?»

ሰው ፊት አውጣልኝ፣ አውጣልኝ ብቻ አልኩ፣ አለቀስኩ መሰለኝ። ሙሉቀን ትከሻውን ነቀነቀና ማሽኑን ፈታው። የማን እንደነበር ስጠይቀው ከእንፍራንዝ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ መጥቶ ከእሱ የነቀለው ነው አለኝ፣ ለመለዋወጫ የሸጡለት የሰውየው ዘመዶች ናቸው። ሰውየው ራሱ ምነው አልመጣም ልለው አፌ ላይ ደረሰና ዋጥሁት። የሰውየው ቦርድ ወጥቶ ካርቶን ውስጥ ሲጣል ዞር አልኩ፣ ሌላ ገባ፣ ይዤ ተመለስኩ፣ ግን አልከፈትኩትም።

ቅዳሜ ትርሲት ፍላሿን ይዛ መጣች፣ ሙት ዓመቱ ደርሶ ነበር። ቦርዱ ሁለት ጊዜ መቀየሩን ብቻ ነገርኳት። ከፈተችው። መሪጌታ የመጀመሪያዋን አለ፣ ዝም አለ፣ ባዶ ዝምታ። ሁለተኛይቱም እንዲሁ። ነፍሴ መለስ አለች። ቀጥሎ ዶሮው የሚጮህባት መጣች፣ አለ፣ ዝም አለ፣ ዶሮው ጮኸ። ከዚያ ያችኑ ደግሞ አለ። ዝም አለ። ያችኑ አለ።

«እማ፣ እዚህች ላይ ተጣብቋል» አለች ትርሲት። ወደፊት ገፋችው፣ ያችው ናት። እስከ መጨረሻው ገፋችው፣ ያችው። «ቦርዱን ሲነቃቅሉ ፋይሉን አበላሽተውታል! ምነው ሁለት ጊዜ አስቀየርሽው? ዛሬ ነገ ሳልል ገልብጬው ቢሆን ኖሮ!» ብላ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔ የሰማሁትን አልነገርኳትም። ፋይል ይበላሻል ይሆናል፣ እኔ ምን አውቄ። ግን መሪጌታን አውቀዋለሁ፣ ተማሪ ሳያቀና አያልፍም፣ ተማሪውን ደግሞ ከፊቱ ነቅዬ ካርቶን ውስጥ ያስጣልኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ሱቁ ሄድኩ፣ ያንን የመጀመሪያውን መልስልኝ ልለው። ለሌላ ሰው ማሽን ገብቶ ወደ ደባርቅ ሄዷል አለኝ፣ የወሰደውንም ሰው አያውቀውም። የአብነት ትምህርት ቤቱ መምህር በሙት ዓመቱ ዕለት «የየኔታ ድምፅ መጣልን?» ብለው ሲጠይቁኝ መሬት መሬት አየሁ።

አሁን ዝናብ ሲጥል ብቻዬን እከፍተዋለሁ። ያችን አንዷን ይላል፣ ይጠብቃል፣ ይላል፣ ይጠብቃል፣ አይሰለችም። አንድ ቀን በሩን ዘጋሁና፣ ሴት ድጓ ተማረች ተብሎ ይሳቅብኝ እንጂ፣ ምናልባት ያልፍ እንደሆነ ብዬ እኔው ተቀበልኩለት። አላለፈም። ከዚያ ወዲህ በከፈትኩት ቁጥር እሞክራለሁ፣ ድምፄ መጨረሻዋ ላይ ይወድቅብኛል፣ ልክ እንደዚያ ሰውዬ።

ትናንት ግን ስቼ ስጨርስ፣ ዶሮው ከመጮሁ በፊት፣ በአፍንጫው ሲስቅ ሰማሁት። እጄ ክዳኑ ላይ ደረሰ። አልዘጋሁትም። ዳግመኛ በምን ፊቴ እዘጋበታለሁ?