የስንዴ ጣሳ፣ የዱቄት ጣሳ

«እኔ ሌባ? እኔ ከሕፃን አፍ የምነጥቅ?» ታደለች ማማሰያውን ወርውራ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ታደለች ወልድያ ምግብ ቤት ታበስል የነበረች ሴት ናት። ጦርነቱ አፈናቅሏት ግራና የምትባል ከተማ ከገባች ወዲህ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለተጠለሉት ልጆች ገንፎ የምታገነፋው እሷ ነች። «ከየቤቱ በሳምንት አንድ አንድ ኪሎ ዱቄት ካገኘሁ አጠግባቸዋለሁ» ብላ ነበር። ሚዛን የሚባል ነገር በዘረፋ አልቋል፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ አብዱልሐሊም በጣሳ እየሰፈሩ ሰበሰቡ። ገበያ ላይ አንድ ጣሳ ስንዴ አንድ ኪሎ ነው፤ ታዲያ ማን ይጠራጠራል? ዱቄቱ ግን ሳምንቱ ሳይሞላ እልም ይላል። ሰው ሲርበው ደግሞ የሚጠረጥረው እንግዳ አያጣም።

«ዱቄቱ እግር አውጥቶ ሄደ እንዴ?» አለች አንዷ ጎረቤት። «ከሰዓት ሼሁ ደጅ ተሰብስበን እናሰናብታታለን!»

የአሥራ አራት ዓመቷ ዙልፋ ይህን ሰምታ እየሮጠች ቤቷ ገባች። የዱቄት ጣሳ ተሸክማ ስትሄድ ከስንዴው ይልቅ ቀልሏት ያውቃል። አንድ ዱላ መሃሉን በገመድ አስራ ከጣራው ማገር ላይ አንጠለጠለችው። ባንዱ ጫፍ አንድ ሊትር ውሃ በፌስታል አሰረች፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ክፍል ተምራለች። በሌላው ጫፍ አንድ ጣሳ ዱቄት እንዲሁ በፌስታል አንጠለጠለች። ውሃው ወደ ታች ዘጭ፣ ዱቄቱ ወደ ላይ! ዱላው የተስተካከለው ግማሽ ጣሳ ያህል ከጨመረች በኋላ ነው።

«ምን እያረግሽ ነው?» እናቷ ረሂማ በር ላይ ቆማለች።

«እማ፣ እትዬ ታደለች አልሰረቀችም! ዱቄት እንደ ስንዴ አይከብድም። ኪሎ ሰጠን ስንል ኪሎ አልሰጠንም።»

ረሂማ በሩን ዘጋች። «ለማንም እንዳትናገሪ። የዱቄቱ ማድጋ ሊያልቅ እንደሆነ አይተሻል። ከየቤቱ ግማሽ ጣሳ ጨምሩ ቢባል ወንድምሽን ምን ላብላው? ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«እሷስ?»

«አላህ ያውቅላታል።»

ዙልፋ እንባዋ መጣ። በእናቷ ላይ መጨከንም አቃታት፤ ረሂማ ሰሞኑን «በልቻለሁ» እያለች ድርሻዋን ለትንሹ ዓሪፍ ስትሰጥ አይታታለች። ውሸቷ እንኳ ያሳዝናል።

ከሰዓት በኋላ ሼሁ ደጅ ሰው ሞላ። ታደለች ልጇን አዝላ፣ ጨርቋን ቋጥራ ዳር ቆማለች። ረሂማም መጥታለች። ዙልፋ ዱላዋን ይዛ ደረሰችና ከዛፉ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለችው። ውሃውን ባንድ ወገን፣ ዱቄቱን በሌላው አሰረች።

ዱላው ወደ ውሃው ዘመመ። «ውሃው አንድ ኪሎ ነው፤ ዱቄቱ ኪሎ የሚሞላው ግማሽ ጣሳ ሲጨመርበት ነው» አለች።

«ያ አላህ!» አሉ ሼሁ። «ለካ የሷን ሐቅ የበላነው እኛ ነን!» ወደ ታደለች ዞሩ። «አፉ በይን፣ ልጄ።»

ታደለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

«እንግዲህ ግማሽ ግማሽ ጣሳ ይጨመራ» አሉ ሼሁ። «ከማን ቤት እንጀምር?»

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ያቺ «እናሰናብታታለን» ያለችውም ጭምር።

ዙልፋ ወደ እናቷ ለመዞር አልደፈረችም።

«ከኛ ይጀመር፣ አባባ» አለች።