ከፈን ላይ የታየው ፊልም

ማመን የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይተወው። እኔ ሰው ለማሳመን ጉልበት የለኝም። ይሄ ነገር ግን ሆኗል... አክስቴ ተናኜ ላይ ነው የሆነው።

ቦታው ቆቦ። ኅዳር 1966። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ያን ጊዜ ከዞብል የወረደውም፣ ከዋጃ በኩል የመጣውም ረሃብተኛ የመኪና መንገዱ ዳር ተቀምጧል። ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል ያደርጋል። ተኝቶ ይሁን ሞቶ የሚያውቅ የለም።

ተናኜ ሁለተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። ክፍሏ በየሳምንቱ ይሳሳል። ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ዚነትም ከቀረች ሰንብታለች። ዚነት ጆሮው የጎበጠ የቆርቆሮ ጣሳ ነበራት፤ ስትጽፍ እንኳ በአንድ እጇ ይዛው ነው።

አንድ ቀን ከደሴ የፊልም መኪና መጣ። ፊልም የሚያሳየው ሰው አራጌ ይባላል። ከመኪናው ኋላ የዱቄት ወተት በጣሳ በጣሳ ታሽጎ ተጭኗል። ተናኜ ወተቱን ስታይ ልቧ ዘለለ።

ደስታዋ ግን አልቆየም። ወተቱ ፊልሙን ላዩ ልጆች ብቻ ነው፤ የላኩት ሰዎች እንደዚያ ብለው አዘዋል። ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምረው ፊልም ደግሞ መንገድ ላይ ተቃጥሏል። የተረፈው አንድ የፈረንጅ ፊልም ነው። ልብ አንጠልጣይ፣ ስለ ኒውክሌር ጦርነት።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጋሼ ሙላው ይሄን ሲሰሙ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ለሕፃናት መመጠኑ ሳይገመገም አንድም ልጅ አይገባም አሉ።

እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚመጡት ሬሳ እየተሻገሩ ነው እኮ።

ተናኜ ንዴቷን ዋጥ አደረገችው። ወተቱ እንዳያመልጣት ብላ "እሺ፣ እንገምግም" አለች።

ጨለማ ቤት ተፈለገ። ባዶ የማሽላ መጋዘን ተገኘ። መቼም ያን ዓመት ባዶ መጋዘን ሞልቷል። አራጌ ስክሪኑን ሲዘረጋው መሃሉ ተተርትሯል። ጋሼ ሙላው ኡሙልኸይርን አስጠሩ።

ኡሙልኸይር መንገድ ላይ የወደቁ ሴቶችና ልጆችን የምታጥብ፣ የምትከፍን ሴት ናት። ነጋዴዎች ለሰደቃ የሚሰጡት ነጭ አቡጀዲ እሷ ዘንድ ይቀመጣል። ጣቃውን እቅፍ አድርጋ መጣች።

"የከፈን ነው" አለች ቀስ ብላ። "ባለቤቶቹ እየጠበቁት ነው።"

ጋሼ ሙላው ለአንድ ሰዓት ምን ይሆናል ብለው ከእቅፏ ወስደው ግድግዳው ላይ አሰቀሉት። እሷም አኡዙ ቢላሂ፣ አላህ ይጠብቀን ብላ መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ አለች።

ፊልሙ ጀመረ።

ከተማ... ሰው ይሮጣል... ፉጨት... ከዚያ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ብርሃን።

ጋሼ ሙላው በየመሃሉ ይተቻሉ። ይሄ ያስደነግጣል ይላሉ፣ ይሄኛው ነውር ነው ይላሉ። መሳሳም ሲመጣ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ተናኜ ጥርሷን ነክሳ ትሰማለች። ከበሩ ውጭ ተማሪዎቿ ተሰልፈዋል፤ ጣሳ ከጣሳ ሲጋጭ ይሰማታል።

ከቦምቡ የተረፉት ሰዎች ምድር ቤት ገብተው ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ሁሉም ፈረንጆች ናቸው።

ጥጉ ላይ ያለችው ግን...

ሻሽ አስራለች። ጉልበቷን አቅፋለች። በእጇ ጣሳ ይዛለች፣ ጆሮው የጎበጠ።

ተናኜ ብድግ አለች።

"አራጌ... ወደ ኋላ መልሰው።"

መለሰው። ዚነት እዚያው ናት። አሁን ግን ብቻዋን አይደለችም። አጠገቧ የወንበር ጓደኛዋ ተቀምጧል። ልጁ እኮ ውጭ ሰልፍ ላይ ነው።

"እንደገና..."

እንደገና መለሰው። ፈረንጆቹ ወደ ዳር ሸሽተዋል። ግድግዳው ሙሉ ልጅ ሆኗል። የሷ ልጆች፣ ክፍል ውስጥ በሚቀመጡበት ተራ። ፊታቸውን ወደ መጋዘኑ አዙረው ዝም ብለው ያይዋታል።

ወደ አራጌ ጆሮ ጠጋ አለች።

"ፊልሙ ላይ ስንት ልጅ አለ?"

"የምን ልጅ?"

"እዚያ ግድግዳው ጋ።"

አራጌ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ።

"እትዬ... ይሄ ፊልም ላይ ልጅ የለም። አንድም።"

ጋሼ ሙላው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ። ፊልሙ ለልጆች አይመጥንም፣ እንቅልፍ ይነሳቸዋል፣ ስለዚህ አይገቡም ብለው ፈረዱ።

"ገብተዋል እኮ ጋሼ" አለች ተናኜ። "ልጆቹ ገብተዋል።"

ሙቀቱ ነው፣ ውሃ ጠጪ አሏት። እግራቸው ላይ ወደቀች። ፊልሙ ይቅር፣ ወተቱን ብቻ ስጧቸው ብላ ለመነች። አራጌ መሬት መሬት እያየ ትእዛዝ ነው አለ። ጋሼ ሙላውም ደንብ ደንብ ነው አሉ። ልጆቹን ከፊልም አድነው ለረሃብ ሰጧቸው!

መኪናው ወተቱን እንደጫነ ወደ ዋጃ ነዳ። ልጆቹ በዓይናቸው ሸኙት። አንዳቸውም አላለቀሱም።

ኡሙልኸይር ጨርቁን ከግድግዳው አወረደች። ተናኜን ጫፉን ያዢልኝ ብላት አብረው አጠፉት። ከዚያ ቤቷ ድረስ ይዘውት ሄዱ። ጠዋት ከመንገድ ዳር ያነሳቻት አንዲት ልጅ እዚያ ነበረች፤ ታጥባ ጨርቁን እየጠበቀች።

ተናኜ ፊቷን ገለጥ አድርጋ አየች።

ዚነት።

"ጣሳዋን ከእጇ ማላቀቅ አቃተኝ ልጄ" አለች ኡሙልኸይር። "ይዛው ትሂድ ብዬ ተውኩት።"

ጣቃው ጥር ሳይወጣ አለቀ። ለማን ለማን እንደተቆረጠ አልዘረዝርላችሁም። ተናኜ የቀበረቻቸው ግን በወንበር ተራቸው ነው። ከፊት ጀምሮ፣ አንድም ሳይዘለል...

ከጣቃው አንዲት ቁራጭ ተርፋ ነበር። ኡሙልኸይር ልትሞት ስትል ለአክስቴ ሰጠቻት። እስከ ዛሬ ቆቦ፣ አክስቴ ሳጥን ውስጥ አለች።

አምና ስሄድ አወጣችና አሳየችኝ። ወደ መስኮቱ አድርጌ በብርሃን አየኋት። ደብዘዝ ያለ ግድግዳ፣ ሥሩ የተቀመጡ ትንንሽ ጥላዎች። እድፍ ነው አልኳት። መልሳ አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተቻት።

ዘንድሮም ሄድኩ። እኔው ራሴ ከሳጥኑ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ዘረጋኋት።

ግድግዳው አለ። ሥሩ የተቀመጠ ግን የለም።

ሁሉም ቆመዋል። ተሰልፈው... ወደኔ።

"አክስቴ..." አልኩ።

አየችው። አልደነገጠችም።

"ደረሱ?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝና ወተት ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ጨርቁን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። መስኮቱ ዝግ ነው። ከጨርቁ ጀርባ ሰው የለም፣ ንፋስ የለም።

መሃሉ ላይ ግን ጨርቁ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተገፋ... ክብ ሆኖ... የጣሳ አፍ የሚያህል።