ሁለት መቶ አስር ዲግሪ

ሰርቬየሩ ሀብተማርያም ተገፍቶ ነው የሞተው። ቀራንዮ ላይ ለአዲስ ሕንፃ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። የሸሚዙ ኮሌታ ከኋላ ተቀዷል። አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ኮምፓስ ግን ምንም አልሆነችም።

ረዳቱ ነኢማ ታሰረች። አብራው የምትውለው እሷ ናት፤ ጠዋት ሲጨቃጨቁም ተሰምተዋል። ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ኢንስፔክተር ማራኪ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም።

«በምን ተጣላችሁ?» ስትል ነኢማን ጠየቀቻት።

«ባትሪ ግዢ አለኝ። ሁልጊዜ እኔ ነኝ ወይ አልኩት። ይኸው ነው።»

«ሄድሽ?»

«ኮልፌ ድረስ። ስመለስ ሰው ተሰብስቧል።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ታክሲ ውስጥ ማን ማንን ያያል?»

የሕንፃው ባለቤት ጋሽ ባጫ የግንባታው ግቢ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ሀብቴ መጥቶ፣ ጉድጓዱ ወሰን አልፎ የጎረቤት ቤት ስር ገብቷል አለኝ። ለክፍለ ከተማው ላመለክት ነው አለ። ለካና ንገረኝ፣ አስደፍነዋለሁ አልኩት።»

«ያስቆፈረው ማነው?»

«ፎርማኑ ነዋ፣ ሚሊዮን።»

«እርስዎስ እሱ ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ አሸዋ ሳስራግፍ። ሾፌሩን ጠይቂው።»

ጠየቀችው። እውነታቸውን ነው።

ሚሊዮን ደግሞ ሳይጠየቅ ያወራል።

«እዚህ ፌሮ ብረቱ ክምር አጠገብ ነበርን። ሀብቴ እዚህ ቆሞ በኮምፓሱ የመድኃኔዓለምን ጉልላት አየና ‹ሁለት መቶ አስር› አለ። ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ከዚያ እኔ መጋዘን ገባሁ። ጉድጓዱ ጋ ድርሽ አላልኩም። ልጅቷን ግን ወደዚያ ስትሄድ አይቻታለሁ።»

«ቁጥሩን እርግጠኛ ነህ?»

«አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ እኮ።»

ማራኪ የሟቹን ኮምፓስ ይዛ ግቢውን ዞረች። ፌሮው ጋ ስትደርስ መርፌዋ ፈንጠር አለች። ራቅ አለች፣ ተመልሳ መጣች፤ መርፌዋ ያንኑ አደረገች። ሁሉንም አስጠራቻቸው። ነኢማም በካቴና እንደታሰረች ከኮንስታብል ነገሬ ጋር መጣች።

«ሚሊዮን፣ እሱ የቆመበት ቁም። ጉልላቱን እይና አንብብ።»

«ሁለት መቶ አስር።»

«የምታስታውሰውን አላልኩህም። የምታየውን።»

ኮምፓሷን ከዓይኑ ዝቅ አደረገ። ተቀብላ ለጋሽ ባጫ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው የሚለው።»

«ተበላሽቷላ» አለ ሚሊዮን። «ከሰውዬው ጋር ወድቆ የለ?»

«ጋሽ ባጫ፣ እስቲ በዚህ ይምጡ።» ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆመቻቸው። «አሁንስ?»

«ሁለት መቶ አስር።»



«ቁጥሩ ከሰሜን ተነስቶ ወደ ቀኝ እስከ ጉልላቱ ያለው ማዕዘን ነው» አለች ማራኪ። «ሰሜኑን የምታሳየው መርፌዋ ናት። ይህን ሁሉ ብረት ስታገኝ ወደ ብረቱ ትሳባለች፣ ቁጥሩም ይዛባል። ጉልላቱ ሩቅ ነው፤ ከዚያ እዚህ መምጣት ብቻውን ይህን ያህል አይቀይረውም። እዚያ የቆመ ሰው ሁለት መቶ አስር ሊያነብ አይችልም።»

«ፌሮው ያኔ ይህን ያህል ባይሆንስ?» አለ ሚሊዮን።

«ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማንም አልነካውም» አሉ ጋሽ ባጫ።

«እንግዲያው ከሩቅ ሰምቼው ይሆናል።»

«ፌሮው ጋ ቆሞ ሲያነብ አየሁት ያልከው አንተ ነህ። ሀብተማርያም ያነበበው እዚህ፣ የወደቀበት ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ቁጥሩን የሰማኸውም አጠገቡ ቆመህ ነው፤ ድርሽ አላልኩም ያልክበት ቦታ። ስለ ቆምክበት ቦታ ከዋሸህ፣ ልጅቷን አይቻታለሁ ያልከውንም አላምንም።»

ሚሊዮን ፌሮው ላይ ቁጭ አለ።

«ማመልከቻውን ተወው ብዬ ለመንኩት። እስር ቤት ነው የምገባው አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።»

ማራኪ የካቴናውን ቁልፍ አውጥታ ወደ ነኢማ ሄደች።