የደመቀ ጎማና ያልመጣው ዘይት

ደመቀ ሐሙስ ጠዋት ሞቶ የተገኘው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም በታች ባለው ቁልቁለት፣ መታጠፊያው ላይ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ሞተር ሳይክሉ በላዩ ላይ ወድቋል፤ የፊት ጎማው ተንፍሶ ተጨማዷል። የሰፈሩ ሰው አስከሬኑ እንኳ ሳይነሣ ፍርዱን ሰጠ። «ቆጣቢነቱ ገደለው» አለ።

ደመቀ የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር። ለጎሚስታ ላለመክፈል ጎማውን ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ይቀይራል። ምናለሽ ተራ ሄዶ ያገለገለ ጎማ ሲገዛ፣ በግ እንደሚገዛ ሰው እያገላበጠ፣ ጎኑን እያጠፈ ስንጥቅ ሲፈልግ ነጋዴውን ያሰለቸዋል። ያወቀውንም አይደብቅም፤ እሑድ እሑድ በቀበሌው ግቢ ሞተሩን ፈታትቶ ለመጣው ሁሉ ያስተምር ነበር።

ሻምበል ወልደሰንበት ምርመራውን ሲረከብ የሟቹ ታናሽ ወንድም ፈቀደ «በሞተሩ ተጣልቶ ወንድሙን ገደለ» ተብሎ በቀበሌው ታስሯል። በማግስቱ ወደ ላይ ሊላክ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ወደ ላይ የተላከ ሰው እንዴት እንደሚመለስ ሻምበሉ ያውቃል፤ አይመለስም።

የሟቹ ሚስት አጸደ በር ላይ ጠበቀችው።

«አንዱን ቀበርኩ፣ ሻምበል። ሁለተኛውን አታስቀብሩኝ። ፈቀደ እንኳን ሰው ሊገድል ዶሮ ማረድ አይችልም።»

«ባለቤትሽ ጠላት ነበረው?»

«ባለፈው የጥበቃ ተራው ሲመለስ ተናዶ ነበር። ‹በስብሰባ ላይ እናገራለሁ› አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልነገረኝም። ያቀረብኩለትንም ሳይቀምስ ተኛ። ዘይት የሌለው ሽሮ ሰልችቶት ነው ብዬ ተውኩት።»

በፈቀደ ላይ የመሰከረው ጓድ ተክለማርያም ነው፤ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ኃላፊ። ሻምበሉ ሱቁ ሲደርስ በሩ ላይ «ዘይት አልመጣም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየ። ወረቀቱን ፀሐይ አንጥቶታል።

«ጎማው በተቀየረበት እሑድ ፈቀደ ጠርዙን ዘይት ሲቀባው በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ተክለማርያም። «ደመቀ ራሱ ሲያስተምር ሰምተን ነበር። ‹ዘይት ከነካው ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል፤ ፍሬን ሲያዝ አየር መሙያውን ቆርጦ ይጥላል› ይል ነበር። ልጁ የወንድሙን ትምህርት በወንድሙ ላይ አዋለው።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገሩም?»

«መች እንዲህ ያደርጋል ብዬ አሰብኩ፣ ጓድ ሻምበል።»

ሻምበሉ ከዚያ ወደ ጎሚስታው ወደ አቶ ገብረአምላክ ሄደ።

«አልዋሽዎትም፣ ደመቀን አልወደውም ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ሰፈሩን ሁሉ ጎማ መቀየር አስተምሮ ደጄን ጭር አደረገው። ግን ሙት አይወቀስም። ያን እሑድ ስሕተት ላገኝበት ብዬ ቆሜ አይቻለሁ፤ አላገኘሁም። ጠርዙን ያለሰለሰው በእንዶድ አረፋ ነው። እንዶድ ይደርቃል፣ ጎማውም ይነክሳል።»

«እርስዎ ጎማ በዘይት ማበላሸት ቢፈልጉ የቱን ዘይት ያነሡ ነበር?»

«ያው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነዋ። በርሜል ሙሉ ደጄ ላይ ተቀምጧል።»

ሻምበሉ ሽማግሌውን ይዞ ጣቢያ ሄደ። ሞተሩ ከአደጋው ቀን ጀምሮ እዚያ ተቆልፎበታል፤ ጎማውን የከፈተው ሰው የለም። ሲከፍቱት የውስጡ ጎማ አየር መሙያ ከሥሩ ተቆርጧል። ቸርኬው በዘይት ያብለጨልጫል፤ ዘይቱ ግን ጥቁር አልነበረም። ሻምበሉ በጣቱ ነክቶ አሸተተ። ሽማግሌውም አሸተቱና «ይሄማ የሞተር ዘይት አይደለም» አሉ።

የቀረው ቀበሌው የታሰረው ፈቀደ ነው። ፊቱ አባብጧል።

«ሞተሩን አውሰኝ ብዬው ተጣልተን ነበር፣ አዎ» አለ። «እሑድ ዕለት ግን እንዶዱን የቀጠቀጥኩለት እኔ ነኝ።»

«ሊሞት ዋዜማ፣ ረቡዕ ሌሊት ሞተሩ የት አደረ?»

«ቀበሌው ግቢ። ወንድሜ የጥበቃ ተራው ነበርና ሱቁ ጥግ አቁሞት ሰፈር ሲዞር አደረ።»

በማግስቱ ጠዋት ሻምበሉ የቀበሌውን ሰው አዳራሽ አስጠራ። ጎማውን ከነቸርኬው በቀበሌው ሊቀመንበር ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው ቀይ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨማደደ።

«እትዬ አልማዜ፣ እስቲ ይምጡ» አለ ሻምበሉ፣ ከፊት የተቀመጡትን አሮጊት። «ይህን ያሽትቱልኝ።»

እትዬ አልማዜ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ተለውጧል።

«ኑግ ነው» አሉ። «የኑግ ዘይት።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው አሸተቱ። ያ ሽታ ከቤታቸው ከጠፋ ሁለተኛ ወሩ ነው።

«ኑግ ከመርካቶም ይገዛል» አለ ተክለማርያም።

«ይገዛል» አለ ሻምበሉ። «ግን ጎማውን ከእኔ በፊት የከፈተው የለም። ዘይት መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ፈቀደ ሲቀባው አይቻለሁ አልኩ እኮ።»

«እሑድ የተቀባው እንዶድ ነው። ሟቹን የማይወዱት ሰውና ታሳሪው ሳይገናኙ አንድ ቃል ሰጥተውኛል። ዘይቱ እሑድ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ጎማው ሰኞውኑ በዞረ ነበር፤ ደመቀ ያን ቁልቁለት በየቀኑ ፍሬን እየያዘ ይወርዳል። እስከ ሐሙስ ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ ዘይቱ የገባው ረቡዕ፣ ሞተሩ ሱቁ ጥግ ባደረበት ሌሊት ነው። ጎማውን አስተንፍሶ፣ ጠርዙን ገፋ አድርጎ ዘይት አፍስሶ መልሶ መንፋት ብቻ ነው፤ መንፊያውም እዚያው ሞተሩ ላይ ታስሯል። ጎሚስታ ቢሆን የተቃጠለ ዘይት በያዘ ነበር። ገዳዩ ግን እጁ ላይ ያለውን ያዘ። ላም ባልዋለበት ኩበት አይለቀምም፤ ዘይት ባልመጣበት ቀበሌ ይህ ዘይት ከየት መጣ?»

ሻምበሉ ወደ በሩ ዞሮ «አሥር አለቃ!» ሲል ተጣራ።

አሥር አለቃው ገባ። «የሱቁን የኋላ ክፍል ከፍተነዋል፣ ጌታዬ። በርሜሎቹ ሙሉ ናቸው። ለጦር ኃይሎች ሰፈር ነጋዴዎች የተሸጠው የተመዘገበበት ደብተርም አግኝተናል።»

«ደመቀ በጥበቃ ተራው ያየው ይህንኑ ነው» አለ ሻምበሉ። «በርሜሎቹ ለእነዚያ ነጋዴዎች ሲጫኑ አይቷል። በቀበሌው ስብሰባ ሊናገር ነበር፤ የሱቁ ኃላፊ ግን ይህን አውቆ ቀደመው።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጉዳዩ ለበላይ አካል ቢመራ…»

«ፈቀደን ፍቱ» አለ ሻምበሉ።

አጸደ ተነሥታ ተክለማርያም ፊት ቆመች። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለው።

«ለልጆቼ የሳሳህበትን ዘይት» አለችው፣ «ለባሌ ሞት ሳትሳሳ አፈሰስከው።»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ከኋላዋ «ቆጣቢነቱ ገደለው» ሲሉ የከረሙት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።