ሳይታጠብ የተቀባው በር

ባንተአምላክ ሞጣ ባለው የመኪና ማጠቢያው፣ ከነጩ ፒክአፕ የግራ በር ሥር ተዘርግቷል። የራስ ቅሉ ከጆሮው በላይ ተሰባብሯል፤ ደሙ ከሳሙናው አረፋ ጋር ቦዩ ላይ ደርቋል። ከቢቸና ተጠርታ የመጣችው ኢንስፔክተር ማርያማዊት ሬሳውን አይታ ስታበቃ ዓይኗን ወደ መኪናው መለሰች። መኪናው በሙሉ ታጥቧል፤ ሰም የተቀባው ግን የግራው በር ብቻ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የጣቢያው ሳጅን። «እዚህ ሰም የሚቀባው ሠራተኛው ሙጀሂድ ነው። አስሬዋለሁ።»

ከደጅ የሟች ታናሽ ወንድም ስጦታው ጠመንጃውን ወድሮ ይጮኻል። «ቀብሩ ሳይደርስ ሙጀሂድን ስጡኝ! አለዚያ እዚያው ጣቢያው ውስጥ እደፋዋለሁ!»

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሙጀሂድ ዕድሜም እስከዚያው ነበር።

ሙጀሂድን ሰው ቀጥቅጦት ከንፈሩ ተተርትሯል። «ማለዳ አብረን አጠብን» አለ። «ማድረቂያ ጨርቅ ከቤት ላመጣ ሄጄ ስመለስ፣ ወድቆ አገኘሁት።»

«በሩንስ ማን ቀባው?»

«እኔ እንጃ! ሳይደርቅ ሰም ይቀባል እንዴ? እኛ ከላይ ወደ ታች ነው የምናጥብ፤ የጎማው መጥረጊያ ጨርቅ የመኪናውን ቀለም አይነካም። ከደረቀ በኋላ እጃችንን በፌስታል ከተን እንዳስሳለን። ባዶ እጅ የማያገኘው አሸዋ በፌስታል ይሰማል። አንዲት ቅንጣት ካለች እንደገና ይታጠባል እንጂ ሰም አይነካውም።»

የመኪናው ባለቤት የቢቸናው አቶ ገብረ ኪዳንም ጠመንጃቸውን እንደያዙ ቀረቡ። «ወንድሜ የእነባንተአምላክን አባት ገድሏል» አሉ ሳይደብቁ። «ባንተአምላክ ግን ታርቆን ሴት ልጁን ለልጄ ሰጠ። እሁድ ሙሽራዋን የሚወስዳት ይኸው መኪና ነበር። ታዲያ የልጄን ሠርግ በደም የማበላሽ አብጃለሁ?»

ማርያማዊት እጇን በፌስታል ከትታ መኪናውን ዳሰሰች። ጣራው እንደ ብርጭቆ ለስላሳ ነው። የግራው በር ግን ከሰሙ ሥር ይሻክራል። ጎንበስ ብላ ስታይ፣ እዚያው ሰሙ ሥር ቡናማ ጭረት አገኘች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም በመኪናው ዙሪያ ሰበሰበች። ጠመንጃዎቹ ጥይታቸው ወጥቶ ኮፈኑ ላይ እንዲጋደሙ አዘዘች። ሙጀሂድ ሊሰጠው የመሰለው ስጦታው ሳያንገራግር አስቀመጠ። የሟች ሚስት አገሬ ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

«ይህን በር የቀባው ሙጀሂድ አይደለም» አለች ማርያማዊት። «ጎማ በተጠረገበት ጨርቅ ተፈትጎ፣ አሸዋው እንዳለ ሰም ተለቅልቆበታል። ሥራውን የማያውቅ እጅ ነው፤ ጅብ ቸኩሎ ቀንድ ይነክሳል።»

«ለምን ቀባው ታዲያ?» አለ ሳጅኑ።

«የመጀመሪያው ምት ባንተአምላክን ስቶ በሩን መታው። ቡናማ የእንጨት ቀለም ነጩ ላይ ቀረ። የጠመንጃ ሰደፍ ነው። ገዳዩ ምልክቱን ለማጥፋት ፈተገው፤ ሙጀሂድ እንዲጠረጠርም ሰም ደረበበት። ሰም በጠጣው በዚያው ጨርቅ ሰደፉን ከደም ወለወለ።»

ጣሳ አንሥታ በገብረ ኪዳን ሰደፍ ላይ ውሃ አፈሰሰች። ውሃው ተዘርግቶ እንጨቱን አረጠበው። በስጦታው ሰደፍ ላይ ስታፈስ ግን ውሃው ተንጠባጥቦ፣ ክብ ክብ እየሠራ ተንከባለለ። በበሩ ላይ ስታፈስም እንዲያው ተንከባለለ። «ሰም ውሃ አያስጠጋም» አለች።

«የጠመንጃ ቅባት ነው!» አለ ስጦታው።

ማርያማዊት የሰደፉን የብረት ሽፋን በቢላ ፈለቀቀችው። ውስጡ የረጋ ደም፣ ደሙ ላይም እንደ ሟቹ ሽበት የቀላቀለ ጠጉር ተጣብቋል።

ስጦታው ዘሎ የገብረ ኪዳንን ጉሮሮ አነቀ። «የአባቴን ደም ሽጦ ለእነዚህ ልጁን ዳረ! ወንድሜ አልነበረም!» ሦስት ፖሊሶች አፈር ላይ ደፍተው፣ አፍንጫው እስኪደማ ታግለው አሰሩት።

በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ትናንት ማታ ስጦታውን ከወንድሙ ጋር እራት ያበላችው አገሬ ነበረች። ቀና ብላ አላየችውም። ወደ ሙጀሂድ ሄዳ የደማ ከንፈሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«ፖሊስ መኪናውን ሲለቅልህ ይህን በር እንደገና እጠበው» አለችው። «ሙት ዓመቱ ሲወጣ ልጄ ሰብለ ወንጌል በዚሁ መኪና ቢቸና ትገባለች። አባቷ የታረቀውን እርቅ እኔ አላፈርስም።»

ሙጀሂድ አለቀሰ። «ከጣራው ነው የምጀምር፣ እትዬ» አለ። «እሱ እንዳስተማረኝ።»